የሴራሚክ ከሰል ግሪል፦ ጥሩ ምድጃ፣ የተዛነፈ ክዳን

ለጓሮው የሴራሚክ ከሰል ግሪል ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው የዕቃውን ስፋት፣ የቅቡን ቀለምና አብረውት የሚመጡትን ፍርግርጎች ነው። እኔ ግን ይህን ምድጃ ክረምት ከበጋ ከተጠቀምኩበት በኋላ የደረስኩበት ፍርድ ሌላ ነው። ዕቃው ዋጋውን የሚያወጣው ወይም የሚያጣው ክዳኑ ከታችኛው አካል ጋር በሚገናኝበት፣ ስፋቱ ሁለት ጣት በማይሞላው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ሲገጥም ከዚህ የተሻለ የከሰል ምድጃ አላየሁም፤ ሲዛነፍ ግን ከተራ የብረት ግሪል የማይሻል፣ ክብደቱ ብቻ የተረፈ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ሥጋው ጣዕም ጥቂት፣ ስለ ክዳኑ አገጣጠም ግን ብዙ ይናገራል።

የምድጃው ዝርያ መነሻ የጃፓን የሸክላ ምድጃ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ይዘውት እንደገቡ ይታወቃል። በአሜሪካ ጓሮዎች ያስለመደው በ1974 እ.ኤ.አ. በአትላንታ፣ ጆርጂያ የተቋቋመው ቢግ ግሪን ኤግ ነው፤ በ2009 የተጀመረው ካማዶ ጆ ደግሞ ዋነኛ ተፎካካሪው ሆነ። ዛሬ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ምድጃዎች የሚያቀርቡ ብዙ ድርጅቶች አሉ። የእኔ ከሁለቱ ስመ ጥሮች የአንዱም ሥራ አይደለም፤ የማብሰያው ስፋት 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አሠራሩም በመሠረቱ ከእነርሱ አይለይም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወፍራሙ የሴራሚክ ግድግዳ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል፤ አየር ከታች ባለው መስኮት ይገባል፤ ከላይ በክዳኑ ጫፍ ባለው መዝጊያ ይወጣል። ሁለቱን ቀዳዳዎች በማስፋትና በማጥበብ ብቻ በ107 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለረጅም ሰዓታት ሥጋ ማብሰል ይቻላል፤ ሲፈለግም ከ300 ዲግሪ በላይ ማድረስ ይቻላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው አየር ከእነዚህ ከሁለቱ ቀዳዳዎች በስተቀር ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው። ክዳኑ ካልገጠመ ጠርዙ ላይ ማንም የማይቆጣጠረው ሦስተኛ ቀዳዳ ይከፈታል። እንጀራ የጋገረ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ አክምባሎው በአንድ በኩል ካልገጠመ እንፋሎቱ በዚያ በኩል ያመልጣል፣ የእንጀራውም ዓይን እዚያው ላይ ይበላሻል።

ምድጃውን የገዛሁት ሜሪላንድ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ የቤትና የግንባታ ዕቃ መደብር ነው። ሠራተኞቹ ገጣጥመው ቤት ድረስ አመጡልኝ፤ አገልግሎቱም ለብቻው ተከፍሎበታል። ሴራሚኩ ስንጥቅ አልነበረውም፤ ቅቡ ንጹሕ ነበር፤ እጀታውም ጠንካራ ነበር። ክዳኑ ሲዘጋ ግን ከፊት በኩል የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይታይ ነበር፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ትንሿን ጣት የማያስገባ፣ ብርሃን ግን የሚያሳይ ክፍተት ነበረው። እሳት ሲነድበት ጭሱ ከላይኛው መዝጊያ ከሚወጣው ይልቅ በቀኝ ጎን የሚወጣው ይበዛ ነበር። በ107 ዲግሪ ሊቆም የሚገባው ሙቀት ወደ 150 እና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ የታችኛውን መስኮት ብዘጋም በቀላሉ አይመለስም። ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ግን ሥራ ካለቀ በኋላ የሚሆነው ነው። ሁለቱም ቀዳዳዎች ሲዘጉ እሳቱ ታፍኖ መጥፋት፣ የተረፈው ከሰልም ለሚቀጥለው ጊዜ መትረፍ ነበረበት። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት የማገኘው ግን አመድ ብቻ ነበር።

ጉድለቱ በጉልህ የታየው በድፎ ዳቦ ላይ ነው። ሥጋ ብዙ ጥፋት ይሸከማል፤ ሊጥ ግን ገመናን አይሸፍንም። ከእሳቱ በላይ የሙቀት መከላከያውን ሸክላ አድርጌ፣ ኮባ በማይገኝበት አገር በሙዝ ቅጠል የጠቀለልኩትን ድፎ ብረት ድስት ውስጥ አስገብቼ በ180 ዲግሪ ገደማ ስጋግር፣ ክፍተቱ ባለበት በቀኝ በኩል ያለው ቅጠል ከስሎ የዳቦው ጎን ጠቆረ፤ በግራ በኩል ደግሞ ገና አልበሰለም። ትኩሱ አየር ወደ ላይኛው መዝጊያ በመውጣት ፈንታ ወደ ክፍተቱ ስለሚሳብ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ድስቱን በየጊዜው ማዞር ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለበት ምድጃ ዙሪያውን እኩል እንዲያበስል መጠበቅ መብት ነው።

ለመደብሩ ስደውል የተሰጠኝ መልስ ጓርኒሲዮኑ አልቆ ሊሆን ስለሚችል አዲስ እንድገዛ ነበር። ጓርኒሲዮን የምለው በሁለቱ ከንፈሮች መካከል የተለጠፈውን፣ እንደ ሞዴሉ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ መሰል ነገር ወይም ከተሸመነ ፋይበር ግላስ የሚሠራውን ማሸጊያ ነው። አዲስ ምድጃ ላይ ያለ ጓርኒሲዮን እንዴት እንዳለቀ ሊያስረዱኝ አልቻሉም። ምክሩ ግን የዚያ መደብር ብቻ አይደለም፤ የክዳን ችግር በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀርበው መፍትሔ ይኸው የጓርኒሲዮን ለውጥ ነው። በእኔ አስተያየት የተገላቢጦሽ ነው። ጓርኒሲዮን የሚያሽገው በወረቀት ውፍረት የሚለካ ልዩነትን ነው። ክዳኑ ራሱ ቦታውን ለቆ ከሆነ አዲሱ ጓርኒሲዮንም በአንድ በኩል ይጨፈለቃል፣ በሌላ በኩል በእሳት ይቃጠላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሌላ ይገዛል።

ይህን በግልጽ የነገሩኝ በሰፈራችን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ አንድ አዛውንት ናቸው። ምድጃውን ዙሪያውን በጣታቸው ዳስሰው፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉና፣ «ልጄ፣ ጓርኒሲዮኑን ተወው። ቴስታታው ተጣሞ ጓርኒሲዮን የሚቀይር መካኒክ ደንበኛውን እያታለለ ነው» አሉኝ፤ ቴስታታ ያሉት የመኪና ሞተርን የላይኛውን ክዳን ነው። «ታዲያ ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?» ስላቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ከቀበቶው።»

ቀበቶ ያሉት ክዳኑንና የታችኛውን አካል በየራሳቸው ጠምጥመው የያዙትን ሁለት የብረት ጥምጥሞች ነው። ሴራሚክ በብሎን አይበሳም፤ ስለዚህ ከባዱ ክዳን ተንጠልጥሎ የሚቆመው በዚህ ቀበቶ ጥብቀት ብቻ ነው። ሁለቱ ቀበቶዎች ከኋላ በማጠፊያው ይገናኛሉ፤ ማጠፊያው ውስጥ ደግሞ ክዳኑን ለማንሳት የሚያግዙ ጠንካራ ሞላዎች አሉ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሴራሚክ ግን ብዙም አይለወጥም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የማብሰያ ጊዜያት ቀበቶው የሚላላው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ክዳኑም በከፈትነው ቁጥር በጥቂቱ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የእኔው ግን ከመነሻው ሲገጣጠም ዳዶዎቹ እኩል ሳይጠብቁ የቀሩ ይመስላል፤ አንደኛው በጣት የሚዞር ነበር፣ ሌላኛው በቁልፍም አልበገር ብሎ ነበር።

ዝንፈቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ከሥራው ተረድቻለሁ። አንደኛው ክዳኑ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲሸሽና ከንፈር ለከንፈር ሳይገናኝ ሲቀር ነው። ሁለተኛው ክዳኑ በቀበቶው ውስጥ ሲዞር ነው፤ ሴራሚክ በእቶን ሲተኮስ ስለሚኮማተር ፍጹም ክብ ሆኖ አይወጣም፣ ስለዚህ ጥቂት ሲዞር እንኳ ከታችኛው ጋር የነበረው ስምምነት ይፈርሳል። ሦስተኛውና በዓይን ለመለየት የሚያስቸግረው ቀበቶዎቹ ራሳቸው ከኋላ በኩል ከፍ ወይም ዝቅ ብለው ሲታሰሩ ነው። ያኔ ማጠፊያው ክዳኑን በኋላ በኩል አንስቶ ይይዘዋል፤ ወይም ከኋላ ቀድሞ ይነካና ከፊት ክፍት ሆኖ ይቀራል። የእኔው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ድብልቅ ነበር።

ወደ ቁልፍ ከመሄድ በፊት ምድጃው የቆመበት ቦታ መታየት አለበት። አዛውንቱ ውሃ ልክ አስመጥተው በታችኛው አካል ጠርዝ ላይ በሁለት አቅጣጫ አስቀምጠው አዩ፤ ጋሪው አንድ እግሩ በጓሮው ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። ያንን ማስተካከል ብቻውን ክፍተቱን ባያጠፋውም፣ ካልተስተካከለ ግን የቀረው ሥራ ሁሉ በጠማማ መሠረት ላይ የተሠራ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምድጃው ፈጽሞ ቀዝቅዞ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ በሁለት ሰው የሚሠራ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ቀበቶውን ማላላት ክዳኑን መሬት ላይ መጣል ማለት ነው። ዳዶዎቹም ክዳኑ በእጅ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ብቻ ይላላሉ እንጂ ፈጽሞ አይወልቁም። ምክንያቱ ሞላዎቹ ናቸው። ክዳኑ ሲዘጋ ሞላዎቹ በከፍተኛ ውጥረት ላይ ስለሚሆኑ፣ ክብደቱ ከቀበቶው ከወጣ ቀበቶው ወደ ላይ ተፈናጥሮ ፊትን ሊመታ ይችላል። አንዳንድ ሞዴሎች ለገጣጠማ ጊዜ ማጠፊያውን ቆልፎ የሚይዝ ማሰሪያ አላቸው፤ የእኔው የለውም። ስለዚህ እኔ የላይኛውን ቀበቶ በሁለት እጄ ወደ ታች ጫን አድርጌ ስይዝ እሳቸው ዳዶዎቹን ተራ በተራ አላሉ፤ ልክ ሲላሉም ቀበቶው ወደ ላይ ለመሸሽ ሲታገል በመዳፌ ይሰማኝ ነበር።

ክዳኑ ከቀበቶው ጭብጥ ሲላቀቅ በራሱ ክብደት ታችኛው አካል ላይ ተቀመጠ፤ ግማሹ ዝንፈት ያኔውኑ ጠፋ። የቀረውን አዛውንቱ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን እየዳሰሱ፣ ከንፈሩ በሚያስደናቅፍበት ቦታ በመዳፋቸው ገፋ እያደረጉ አስተካከሉት። ዓይን እዚህ ላይ ያታልላል፤ የቅቡ ነጸብራቅ ክፍተት የሌለበትን ያለ፣ ያለበትን የሌለ ያስመስላል፣ ጥፍር ግን አይሳሳትም። ሁለቱ ጠርዞች በሁሉም ቦታ አንድ እንዲሆኑ መጠበቅ አያስፈልግም። የተረፈውን ልዩነት ለሁሉም ጎን አካፍሎ ማስቀመጥ በቂ ነው። ከዚህ በኋላ ቀበቶው ከጠርዙ ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆኑ ታይቶ፣ ዳዶዎቹ አንዱ ጥቂት ሌላው ጥቂት እየተባለ ተራ በተራ ጠበቁ። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ክዳኑን እንደገና ይጎትተዋል፤ መደብሩ ውስጥ የተደረገውም ይኸው ይመስለኛል። ከልክ በላይ ማጥበቅም ሴራሚኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። አዛውንቱ የቁልፉን ጫፍ ትተው ከመሐሉ ይዘው ያጠበቁት በዚህ ምክንያት ነበር።

ፈተናው በአንድ ዶላር ብር ይደረጋል። ብሩ በጠርዙ ላይ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ይዘጋበታል፤ ከዚያም ቀስ ተብሎ ይሳባል። ያዝ አድርጎ ከወጣ ደህና ነው፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ እዚያ ላይ አየር ይገባል። ዙሪያውን በየስንዝሩ ስንሞክር ቀድሞ ብሩ እንደ ልቡ ይንሸራተትበት የነበረው ቀኝ ጎን አሁን ያዘው። ከኋላ፣ ከማጠፊያው አጠገብ አንድ ቦታ ብቻ ልል ሆኖ ቀረ፤ እሱም የታችኛውን ቀበቶ በተመሳሳይ ጥንቃቄ አላልቶ ጥቂት ዝቅ በማድረግ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ክዳኑ በዝግታ፣ አንድ እጅ እላዩ ላይ ሆኖ ተከፈተ፤ በቀበቶው ውስጥ እንደማይንሸራተት ከታየ በኋላ ብቻ ነው እጅ የሚነሳው።

ጓርኒሲዮኑን በተመለከተ፣ በቀኝ በኩል ጥቂት ጠቁሮ ስለነበር ልቀይረው አስቤ ነበር፤ ከአገጣጠሙ በኋላ ግን ብሩን ስለያዘ ተውኩት። በእርግጥ ያለቀበት ሰው አሮጌውን በምላጭ መሳይ መፋቂያ አንስቶ፣ የማጣበቂያውን ቅሪት በአሴቶን አጽድቶ፣ አዲሱን ሳይለጥጥ ዙሪያውን መለጠፍና በአምራቹ መመሪያ ልክ እንዲደርቅ መተው ይችላል። ለጥጦ የለጠፈ ሰው ጓርኒሲዮኑ ሲሞቅ ተኮማትሮ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ሲፈጥርበት ያያል። ይህ ግን ሁልጊዜ ከክዳኑ መስተካከል በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ውጤቱን እሳቱ ላይ ነው ያየሁት። ከሰሉን አቀጣጥዬ ሙቀቱ 107 ሲደርስ የታችኛውን መስኮት ወደ አንድ ጣት ስፋት፣ የላይኛውንም ከዚያ ባነሰ ክፍት አድርጌ ተውኩት፤ አንድ ሙሉ የበሬ ደረት እስኪበስል ድረስ ቴርሞሜትሩ ጥቂት ዲግሪ ከመውጣትና ከመውረድ በስተቀር አልተናወጠም። መጀመሪያ ላይ በጠርዙ በኩል ትንሽ ጭስ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ሲሞቅና ሲቀመጥ ይጠፋል። ሁለቱም ቀዳዳዎች ሲዘጉ እሳቱ ጠፍቶ በማግስቱ ከግማሽ የማያንስ ከሰል ተርፎ አገኘሁ። ድፎውም በሚቀጥለው ጊዜ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ ወጣ፤ ቅጠሉ ደርቆ ዳቦው ላይ የተወው ጠረን ብቻ ነበር።

ክዳን በደንብ ሲዘጋ አንድ አዲስ ጥንቃቄ ይመጣል። አየር የተነፈገ ፍም በድንገት ክዳኑ ሲከፈትበት በአንድ ጊዜ አየር ይስባል፤ ነበልባሉም ወደ ከፋቹ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በከፍተኛ ሙቀት ላይ ያለ ምድጃ መጀመሪያ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ተደርጎ፣ ትንሽ ተቆይቶ ነው የሚከፈተው። ክዳኔ ቀድሞ ያፈስ ስለነበር ይህ ጉዳይ አንድም ቀን አላሳሰበኝም ነበር።

ምድጃውን ስመዝነው ሴራሚኩን፣ የሙቀት አያያዙንና የከሰል ቁጠባውን ከልቤ አመሰግናለሁ። የማላመሰግነው አብሮት የመጣውን መመሪያ ነው። ስለ ማጽዳትና ስለ ዋስትና ገጽ በገጽ ሲዘረዝር፣ ቀበቶው ከመጀመሪያዎቹ የማብሰያ ጊዜያት በኋላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት የሚናገረው በአንድ አጭር መስመር፣ በሥዕል ግርጌ ነው። የላላ ቀበቶ ክዳኑን ከመጣል የሚያግደው ነገር የለም። አምራቾች በአብዛኛው ለሴራሚኩ ለመጀመሪያው ገዢ የዕድሜ ልክ ዋስትና ቢሰጡም፣ ወድቆ የተሰበረ ክዳን በዋስትናው አይሸፈንም። ያ መስመር የመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ ፊደል መታተም ነበረበት። የመደብሩን የገጣጠማ አገልግሎት ደግሞ ለማንም አልመክርም። ሠራተኞቹ ፈጣንና ትሁት ነበሩ፤ ሆኖም ክዳኑን ዘግተው ጠርዙን ለማየት ሁለት ደቂቃ አልሰጡትም፣ ለአገልግሎቱ የከፈልኩትም ገንዘብ አልተመለሰልኝም።

ለመግዛት የተነሳ ሰው መደብሩ ውስጥ ለዕይታ የቆመውን ሳይሆን የሚወስደውን ዕቃ ራሱን እንዲያይ እመክራለሁ፤ ክዳኑና ታችኛው አካል ከአንድ ሣጥን የወጡ መሆናቸውን ማረጋገጥም ተገቢ ነው፣ ከሌላ ምድጃ የተወሰደ ክዳን ላይገጥም ይችላልና። ቤት ሲደርስ፣ ከሰል ሳይገባበት፣ በብሩ ይፈተን። ከመጀመሪያው ከፍተኛ ሙቀት በኋላ ዳዶዎቹ ይታዩ፤ ከዚያ ወዲያ በየወቅቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ያገለገለ ምድጃ ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋስትናው ወደ እርሱ እንደማይተላለፍ አውቆ ዋጋውን በዚያ ልክ ይደራደር። ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ ካየ ይተወው፤ ክዳኑ ብቻ ተዛንፎ ካገኘው ግን ሻጩ ቁልፍ አንስቶ ከማየቱ በፊት ቢገዛው አይቆጭም።